ጥልፍና ጠለፋ

አማርኛ አንዳንድ ጊዜ ከምንፈልገው በላይ ሐቀኛ ነው። «ጠለፈ» የሚለውን ግሥ ውሰዱ። ሴትዮዋ በነጭ ቀሚስ ደረት ላይ በቀይና በአረንጓዴ ክር መስቀል ስታወጣ «ጠለፈች» እንላለን። ጎረምሳው ውኃ ልትቀዳ የወጣችውን ልጅ አፈፍ አድርጎ ሲሰወርም «ጠለፈ» እንላለን። አውሮፕላን በጉልበት የወሰደው ጠላፊ ነው። የሌላውን ሐሳብ የራሱ አስመስሎ ያቀረበውም ጠላፊ ነው። አንዱ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በአንዱ ያስጌጣል፣ በሌላው ይዘርፋል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለቱም ነው። ክርክሬም አጭር ነው፦ «ቅርሳችን ነው፣ ማንነታችን ነው» እያልን በየበዓሉ የምንለብሰው ጥልፍ ከጠለፈችው ሴት ተጠልፏል። ጠላፊዎቹም እኛው ነን። ፈረንጅ አይደለም፤ ቻይናም አይደለችም። (ቻይና ድርሻ የላትም ማለቴ አይደለም፤ እሷ ጋ በኋላ እንደርሳለን።)

መጀመሪያ ሁለት ቃል እንለይ። ጥለትና ጥልፍ አንድ አይደሉም። ጥለት ሸማኔው እዚያው መሸመኛው ላይ ድሩንና ማጉን እያገናኘ የሚያወጣው ነው፤ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወለዳል። ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው። ሸማኔው መሸመኛ አለው፣ የሚቀመጥበት ጉድጓድ አለው፣ እግሩም እጁም ሲሠራ ይታያል። ጥልፍ ሠሪዋ ያላት መርፌና ክር ነው። መሣሪያዋ ትንሽ ስለሆነ ሥራዋም ትንሽ መሰለን። እርግጥ በድሮው ጊዜ የመኳንንቱን ካባና ለምድ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ድባብና መጎናጸፊያ በወርቀ ዘቦና በሐር የሚያስጌጡ ወንዶችም ነበሩ። እቤት ውስጥ የሚጠለፈው ግን የሴት ነው ተባለ። የሴት ነው ከተባለ ደግሞ ሥራ መሆኑ ቀረና «ጊዜ ማሳለፊያ» ሆነ፤ እንጀራው ተጋግሮ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ልጁ ተኝቶ ሲያበቃ የሚሠራ ነገር።

የእኔ ትውልድ የሚያስታውሰው የትራስ ልብስ አለ። «መልካም እንቅልፍ» ይላል። በግራና በቀኝ ሁለት ወፍ፣ መሐል ላይ አንድ ጽጌረዳ። ስንት ሺህ ልጃገረድ ጠልፋዋለች! ፊደል በቆጠረች ማግሥት በገዛ እጇ ጽፋ ሌላ ሰው እንዲያነበው ያስቀመጠችው የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ የሆነ ሴት ጥቂት አይደለችም። የሥነ ጽሑፍ ታሪክ መጻሕፍታችን ደራስያንን ከነትውልድ ዘመናቸው ይደረድራሉ፤ የትራሱን ጽሑፍ ግን ከጽሑፍ የቆጠረው የለም። ተኛንበት እንጂ አላነበብነውም።

አሁን ወደ ቦንጋ ልውሰዳችሁ፤ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ የታየኝ እዚያ ነውና። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ጎጀብን ተሻግራችሁ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ቦንጋን ታገኛላችሁ። የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። የካፋ ነገሥታት «ታቶ» እየተባሉ ለዘመናት የገዙበት አገር ነው፤ ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ የብሔራዊ ቡና ሙዚየምም ያለው እዚያው ቦንጋ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። ክልል ሲኮን ብዙ ነገር አብሮ ይመጣል፦ ቢሮ፣ ማኅተም፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ስብሰባ። ስብሰባ ካለ መድረክ አለ። መድረክ ካለ ደግሞ የባህል ልብስ አለ።

በዋናው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ አንዲት ሴት በእጇ ስትጠልፍ አገኘኋት። ከጎኗ መኪናው እየተንጫጫ ነው፤ እሷ ጥግ ይዛ በመርፌ ትሠራለች።

«ይኼ የካፋ ነው?» አልኳት።

«አዎ ጋሼ፣ የካፋ ነው።»

«ንድፉን ማን አወጣው?»

ሣቀች። «ናሙናው ከቢሮ ነው የመጣው። እኔ እዚህ ጋ ትንሽ ጨምሬበታለሁ እንጂ።»

ጣቷን ያሳረፈችበትን አየሁት። ከዋናው ጥልፍ በታች፣ ጠርዙ ላይ፣ የቅጠል ጅማት የመሰለች ቀጭን መስመር ተሰልፋለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«እናቴ ሰፌድ ስትሰፋ የምታወጣት ናት።»

«ቢሮው ወደዳት?»

«አላዩዋትም። ካዩ አንሺ ይሉኛል። ናሙናው ላይ የለችማ።»

ሥራው በቁጥር ነው፤ በቀሚስ። ያለፈው በዓል ሒሳብ ገና አልተከፈላትም። ማን እንዳልከፈለ አልጽፍም፤ አንድ መሥሪያ ቤት ነው ብዬ ልለፈው፤ እናንተም በየከተማችሁ ታውቁታላችሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከክፍያውም በላይ ያቺ መስመር ናት። ልብ በሉልኝ፦ በዚያ ሁሉ ቀሚስ ላይ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈው፣ በእርግጥ «ቅርስ» ሊባል የሚችለው፣ ናሙናው ላይ የሌለው ነው! ቅርስ ናሙና ሆኖ ከላይ ወረደ፤ እውነተኛው ቅርስ ተደብቆ ጠርዝ ላይ ቀረ። ቢገኝም ይፈታል።

እንዴት እዚህ ደረስን? ሕገ መንግሥቱ በኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዕለቱ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ ይከበራል። እኔ በበዓሉ መከበር ላይ ክርክር የለኝም። ለዘመናት ስሙ በትክክል ሳይጠራ የኖረ ሕዝብ በአደባባይ «አለሁ» ቢል ምን ክፋት አለው? ካፋን ራሱን ተመልከቱ። ስንት ዘመን «ከፋ» ብለን ጻፍነው፤ በአማርኛ ሲነበብ አገሩ ሁሉ የተበላሸ ይመስላል! ዛሬ «ካፋ» ተብሎ ይጻፋል። አንዲት ፊደል ተቃናች። ትንሽ ነገር አይደለም።

በዓሉ ግን ከልብሱ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ከሩቅ እንዲለይ። በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት በግማሽ ደቂቃ ውስጥ «ይኼኛው የእነ እገሌ ነው» መባል አለበት። ስለዚህ ለአንድ ብሔረሰብ አንድ ልብስ፣ አንድ የቀለም አሰላለፍ፣ አንድ ናሙና ተባለ። የቆላውና የደጋው፣ የሽማግሌውና የሙሽራዋ፣ የሐዘኑና የሠርጉ ልዩነት ጠፋ። ልብስ መሆኑ ቀርቶ ታርጋ ሆነ። ታርጋ ደግሞ ጠላፊ አያስፈልገውም፤ ማተሚያ ነው የሚያስፈልገው። ቻይና የገባችው በዚህ በር ነው። በሩን የከፈትነው ግን እኛ ነን። ማንነትን አንዴ ናሙና ካደረግነው በኋላ ናሙናውን ርካሽ አድርጎ የሚያባዛ ቢመጣ ምን ይገርማል? የጥበብ ሥዕል የታተመበት ጨርቅ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው እንጮኻለን፤ ከታተመው ጨርቅ በፊት ሐሳቡ መታተሙን ግን አንናገርም።

«ንጹሕ የሆነው፣ ያልተበረዘው የብሔረሰቡ ጥልፍ ይጠና፣ ይመዝገብ» የሚሉ አሉ። ቅን ሰዎች ናቸው። ታሪክ ግን ንጹሕ ክር አያውቅም። በመላው አገራችን የምንኮራባቸው አሮጌ ጥልፎችና ጥለቶች ክራቸው ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ሐሩ በባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። የቀለም ክር ሲጠፋ ከውጭ የገባውን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ገዝተው፣ ቁጭ ብለው ክሩን መዝዘው ያወጡትና እንደ ገና ለራሳቸው ጥበብ ያውሉት ነበር። አስቡት እስቲ! የሰውን ጨርቅ ፈትቶ የራስን ጥልፍ መጥለፍ። ከዚህ የበለጠ የማንነት ትርጉም የት አለ? ከየትም የመጣውን ክር መዝዞ፣ በራስ እጅ፣ በራስ ቁጥር፣ ለራስ ትርጉም ማዋል።

ካፋም ቢሆን ከዓለም ተዘግቶ የኖረ አገር አልነበረም። መንግሥቱ ድንበሩን በቦይና በአጥር አጥሮ በበር ያስጠብቅ ነበር፤ እውነት ነው። በር ካለ ግን የሚገባ አለ። ቦንጋ የንግድ ከተማ ነበረች። ቡናው፣ ኮረሪማው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ በዚያ ይወጣ ነበር፤ ባሪያም ይወጣ ነበር (ይህን ደብቆ ቅርስ ማውራት አይሆንም)። በምትኩ አሞሌውና ዶቃው ይገባ ነበር። ልብስ የመንገድ ታሪክ ነው። «ያልተበረዘ» እያልን ስናጥበው የምናጠፋው ብረዛውን አይደለም፤ ታሪኩን ነው።

ስለ ጠለፋ ካነሣን አይቀር ትልልቆቹን ጠለፋዎችም እናንሣ። ካፋ ጠለፋን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የካፋን የመጨረሻ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ፤ ንጉሡም አገራቸውን ዳግም ሳያዩ በግዞት አረፉ። ዘውዳቸው ከካፋ ወጣ፤ የአፄ ምኒልክ አማካሪ በነበረው በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ስዊዘርላንድ ገባ። የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1954 አፄ ኃይለ ሥላሴ ያንን አገር በጎበኙ ጊዜ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

ከጥልፍ አንጻር ደግሞ የመቅደላው አለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ ከወሰደው መካከል የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ ይገኝበታል። የጥጥ ቀሚስ ነው፤ በሐር ክር የተጠለፈ። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በመንገድ አረፉ፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በወጣትነቱ እዚያው ሞተ፤ ቀሚሱም እዚያው ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2018፣ 150ኛ ዓመቱን ለማሰብ፣ ከሌሎች የመቅደላ ዕቃዎች ጋር ለሕዝብ ታየ። የሙዚየሙ ኃላፊ «በረጅም ጊዜ ውሰት ልንሰጣችሁ እንችላለን» አሉ። የራስህን ቀሚስ በውሰት! መቆጣታችን ትክክል ነው። ቀሚሱ መመለስ አለበት።

ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፤ አትቆጡኝ። የለበሱትን እቴጌ እናውቃለን። ቀሚሱን የዘረፈውን ጦርና የጦሩን አዛዥ እናውቃለን። ቀሚሱን ያስቀመጠውን ሙዚየም እናውቃለን። የጠለፈው ሰው ማን ነው? ስሙ አልተረፈም። ቀሚሱ ነገ ቢመለስ በመስታወት ውስጥ አስቀምጠን ከሥሩ የምንጽፈው የማንን ስም ነው? የእቴጌይቱን ነው። ሠሪውን የዘረፈው የእንግሊዝ ጦር አይደለም። እንግሊዝ ሲደርስ ሠሪው ቀድሞ ከስሙ ተጠልፎ ነበር።

ይኼ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ልብሱን ወደን እጁን የጠላን ሕዝብ ነን። ሸማውን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን፣ ሠርግና ለቅሶ እንሄዳለን፤ የሠራውን «ቁጢት በጣሽ» ብለን እንሰድባለን። በማጭዱ እናጭዳለን፤ የሠራውን «ቀጥቃጭ» ብለን ቡዳ ነው እንላለን። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው እንዳይሰድቡ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ሲወጣ መቼም ያለ ምክንያት አይወጣም። ካፋም የራሱ ዕዳ አለበት፤ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ እንዳይጋቡ ተደርገው ለዘመናት ኖረዋል። ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂውም ከዚያው ንቀት ድርሻ ነበራቸው። «የካፋ ባህል» ብለን መድረክ ላይ ስናወጣ ይህንንም የባህሉ ክፍል አድርገን እንቆጥረዋለን? ወይስ የምናወጣው ቀለሙን ብቻ ነው?

አዲስ አበባም ከዚህ ነፃ አይደለችም። ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል አካባቢ፣ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች የሚጠልፉት ጥልፍ ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። ሰው እጃቸውን ለመጨበጥ ፈራ። በዚያው እጅ የተሠራው ጠረጴዛ ልብስ ግን ሳሎን ገባ። እጁን ሳንነካ የእጁን ሥራ ዘረጋነው። ስለዚህች አገርና ስለ ባለ እጆቿ አንድ ምሳሌ አምጣ ብትሉኝ ከዚህ የተሻለ የለኝም።

አሁን ደግሞ መርፌ የያዘ ሰው በስሙ ሲቆም ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ኤልያስ ስሜ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ከዚያም ሰው በቀለምና በብሩሽ የሚሠራውን እሱ በመርፌና በክር ሠራው። ሸራ ላይ ሰፋ። ክሩን፣ ቁልፉን፣ የተጣለውን ሁሉ ሰብስቦ ሰፋ፤ ኋላም የኤሌክትሪክ ሽቦና የተበታተነ የኮምፒውተር ዕቃ እየጠለፈ ግድግዳ የሚያክል ሥራ አቆመ። ከመስከረም አሰግድ ጋር በየገጠሩ እየዞረ የአገሩን ሥርዓትና የእጅ ጥበብ አየ፤ አብረው ዞማን አቋቋሙ፤ በጭቃና በጭድ የተገነባው የዞማ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2019 መካኒሳ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ፣ ሳንታ ሞኒካ ላይ ያሳየው ትርዒት ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «የመርፌ ዓይን፣ የልብ ዓይን» እንደ ማለት ነው። በ2022 ሥራዎቹ የቬኒስ ቢያናሌ ገቡ።

ኤልያስን ያመጣሁት ላወድሰው አይደለም፤ የእኔ ውዳሴ አያስፈልገውም። ያመጣሁት ለንጽጽር ነው። እሱ ሲሰፋ «ሥነ ጥበብ» ነው፣ ስሙ ከሥራው ጎን ይጻፋል፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ይጠየቃል። የቦንጋዋ ሴት ስትጠልፍ «የባህል ዕቃ» ነው፣ ስሟ አይጻፍም፣ ምን ማለቷ እንደሆነ የሚጠይቃት የለም፤ ቁጥሩ ጎደለ ወይ ተብላ ብቻ ትጠየቃለች። የመርፌው ዓይን አንድ ነው። የተለየው የእኛ ዓይን ነው።

«ገጠር ያለች ያልተማረች ሴት ምን ትላለች ብለህ ነው?» የሚል ካለ ወደ ቤተ እስራኤል ሴቶች ይሂድ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መንደራቸውን ጥለው ወደ እስራኤል ለመሄድ አዲስ አበባና ጎንደር ውስጥ ዓመታት ሲጠብቁ በሰሜን አሜሪካ ድርጅት በተከፈቱ የእጅ ሥራ ቦታዎች ይጠልፉ ነበር። ምን ጠለፉ? የተዉትን መንደር፤ በሬና ገበሬውን፣ ጎጆውን፣ እንጀራ ጋጋሪዋን። የሚሄዱበትን ተስፋም ጠለፉ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቁትን ታሪክ። ከሁለት አገር መሐል የተንጠለጠለ ሰው ታሪኩን በክር ጻፈ ማለት ነው። ናሙና አውርዶ «ይኼን ብቻ» የሚል ቢሮ ሁሉንም ቢቆጣጠረው ኖሮ ያ ጎጆ አይጠለፍም ነበር።

የሚነሱትን መልሶች አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ባህል የጋራ ነው፤ ግለሰብ ባለቤት የለውም» የሚል ነው። ጥሩ። አማርኛም የጋራ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን የሐዲስ ዓለማየሁ ነው። ቋንቋው የሁሉ ስለሆነ መጽሐፉን ያለ ስም እናሳትም ያለ ሰው የለም። ጥልፉም እንደዚያው ነው። መስቀሉ፣ ቅጠሉ፣ የሰፌዱ መስመር የጋራ ቋንቋ ነው፤ በዚህ ቀሚስ ላይ፣ በዚህ አሰካክ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው ግን አንዲት ሴት ናት።

ሁለተኛው «መኪናው ይረክሳል፣ ሕዝቡ ድሃ ነው» የሚል ነው። በመኪና ላይ ጠብ የለኝም። የኮምፒውተር ጥልፍ የለበሰች ተማሪ ኃጢአት አልሠራችም፤ አቅሟ ነው። ጠቤ በእጅ የተጠለፈውን በመኪና ዋጋ ከሚገዛው፣ በመኪና የታተመውን ደግሞ «የእናቶቻችን ቅርስ» እያለ ንግግር ከሚያደርግበት ጋር ነው። ሁለቱንም በስማቸው ጥሩ፤ የታተመውን የታተመ በሉት፣ የተጠለፈውን የተጠለፈ በሉት። ገዢው ይለይ።

ሦስተኛው «እነሱ ራሳቸው ስም ይጻፍልን ብለው መቼ ጠየቁ?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አልጠየቁም። ያለፈው ሒሳብ ያልተከፈላት ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀው ሒሳቧን ነው፤ ስም የጠገበ ሰው ጥያቄ ነው። አለመጠየቋን ለእኛ ማምለጫ ማድረግ ግን ነውር ነው። በ1999 ዓ.ም. መንግሥት ለይርጋጨፌ፣ ለሲዳሞና ለሐረር ቡና ስም ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ ስምምነት ላይ ሲደርስ ሁላችንም አጨብጭበናል። ስም ገንዘብ መሆኑን ያን ጊዜ ተረድተናል። ለቡናው የገባን ለመርፌዋ ለምን አይገባንም?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በእጅ የተጠለፈ ልብስ ሁሉ ከጠርዙ ውስጥ ስም ይኑረው፤ የሠሪዋ ስምና የከተማዋ ስም። ስሟን በገዛ እጇ ትጥለፈው፤ ከዚያች ቁራጭ ጨርቅ በላይ ወጪ የለውም። ሁለተኛ፣ ለበዓል ልብስ የሚያሠሩ ቢሮዎች ልብሱን ሲረከቡ ይክፈሉ። በዓሉ ቀን እንዳለው ሁሉ ክፍያውም ቀን ይኑረው። ሦስተኛ፣ ናሙና ማውረዱ ግድ ከሆነ ከናሙናው ላይ አንድ ስንዝር ባዶ ይተውላት። «ይኼ ያንቺ ነው፤ እናትሽ ያስተማረችሽን አውጪበት» ትባል። አራተኛ፣ ቦንጋ ሙዚየም አላት፣ ዩኒቨርሲቲም አላት። እናቶች በሕይወት ሳሉ ተማሪዎችን ላኩ፤ ጥልፉንም፣ የሰፌዱን መስመርም፣ ከባለቤቷ ስም ጋር ይመዝግቡ። «የካፋ ጥልፍ» ተብሎ በጅምላ አይመዝገብ። ካፋ አይጠልፍም፤ የሚጠልፉት ሰዎች ናቸው።

ለእኛ ለለባሾቹ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ልብስ ስትገዙ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ጠለፈው?» በሉ። ነጋዴው መጀመሪያ ይስቅባችኋል። አሥረኛው ሰው ሲጠይቀው ግን መልስ ይዞ ይጠብቃል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ስንል የኖርነው በውሰት ጌጥ የሚኮራውን ለመውቀስ ነው። ስሟን የማናውቃት ሴት ጥልፍም የሰው ወርቅ ነው።

ጥልፍ የሚያውቅ ሰው የልብሱን ፊት አይቶ ብቻ አይገዛም፤ ይገለብጠዋል። ክሩ የት እንደተቋጠረ፣ የት እንደተዘለለ፣ ችኮላው የት እንደሆነ ጀርባው ላይ ይታያል። ፊቱ የለባሹ ነው፤ ጀርባው የሠሪዋ ነው። እናም በመጪው ኅዳር 29 መድረክ ላይ የምትወጡ ሁሉ፣ ከመውጣታችሁ በፊት የለበሳችሁትን ገልብጣችሁ እዩት። ስም ካለበት ጥልፍ ነው። ስም ከሌለበት ጠለፋ ነው።